ሕመምተኛው የተናገረው የት ገባ?

ሐኪምና ሕመምተኛ እንዴት እንደሚነጋገሩ በኮምፒውተር ለማጥናት የሞከርን ሁሉ አንድ ዓይነት ምሬት አለብን።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚጠናው ንግግር አይገኝም። የእውነተኛ ምርመራ ቅጂ የሰው ምስጢር ነውና ይቆለፋል፤ መቆለፉ ተገቢ ነው። የሚያንገበግበው ሕመምተኛው ፈቅዶም የፈቃዱ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት መክረሙ ነው። ታዲያ በምን እንሥራ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፕሪሞክ57 የተባለው የንግግር ስብስብ የያዘው 57 የማስመሰል ምርመራዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኤምቲኤስ ዲያሎግ የተባለው ሌላ ስብስብ ደግሞ 1,700 አጫጭር ምልልሶች አሉት፤ እነሱም ከሐኪም ማስታወሻ ተነሥተው የተጻፉ ናቸው። ማስታወሻ ከንግግር ይወጣል ስንል ንግግሩ ከማስታወሻ ወጣ! በወረቀት የተፈጠረ ሕመምተኛ የት አፍሮ ያውቃል? ዋናውን ጭንቀቱን ሊወጣ በሩ ላይ ደርሶ መቼ ተናግሮ ያውቃል?

እሺ፣ እውነተኛው ቅጂ ተገኘ እንበል። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ፕሮግራም ሌላ መከራ ነው። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ይምታታበታል፤ የመድኃኒት ስም ያበላሻል፤ ማመንታቱንና ዝምታውን ጠርጎ ይጥላል። የእኛ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ «አዎ» የሚለው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው። «ደም አለው?» ተብሎ ተጠይቆ እንዲያ ቢመልስ፣ ጽሑፉ ላይ ጥያቄው ያለ መልስ ይቀራል። ልጅ ስለ እናቷ ስትመልስም ሕመሙ የማን እንደሆነ ይደበላለቃል።

የምንጥለው እኮ ፍሬውን ነው! ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ 74 ምርመራዎችን አዳምጠው ሐኪሞች ሕመምተኛውን መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳዩ። ይህ የተገኘው ማን መቼ እንደተናገረና ማን ማንን እንዳቋረጠ በጥንቃቄ ስለተመዘገበ ነው። ዛሬ ያ ሁሉ «ጽሑፉን ለማጽዳት» ተብሎ ይሰረዛል፤ ከዚያ ከጽሑፉ የሐኪም ማስታወሻ የሚያወጣው ፕሮግራም ጥሩ ጻፈ ተብሎ ነጥብ ይሰጠዋል። ሕመምተኛው ሐሳቡን ጨርሶ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ኧረ ሰሚ ካለ ይስማን! ለፈቃድ ጥያቄ ቀን ተቆርጦ መልስ ይሰጥ። የምናጠናውን ቅጂ ከነዝምታው፣ ከነመቋረጡ አቆዩልን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ለሚናገር ሕመምተኛ የሚሠራ መሣሪያም በራሱ አነጋገር ይፈተን። ታሞ የመጣ ሰው ቢያንስ ቃሉ ሳይጎድል ሊመዘገብለት ይገባል።