«ኦኬ»፦ ባለ ሁለት ፊደል ጥናት

የዚህ ቃል ትውልድ ብዙ አከራክሯል። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከአንዱ፣ ከቾክታው ቋንቋ መጣ ያሉ ነበሩ። ክርክሩን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቋጨው የቋንቋ ሊቁ አለን ዎከር ሪድ ነው። እሱ እንደደረሰበት፣ «ኦኬ» እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 በቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ጋዜጣ ታትሞ ወጣ። በዘመኑ ቃል አጣሞ መጻፍና የተጣመመውን ማሳጠር የጋዜጠኞች ቀልድ ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል»፣ በእንግሊዝኛ በ«ኤ» እና በ«ሲ» ይጀምራል፤ እነሱ ግን በ«ኦ» እና በ«ኬ» ጀመሩት። ሁሉም ትክክል መሆኑን የሚያበስረው ቃል፣ ያሉት ሁለት ፊደላት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱም ስህተት ናቸው።

በዓመቱ ቃሉ ፖለቲካ ገባ። የኪንደርሁክ ተወላጅ የሆኑት የፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ደጋፊዎች እሳቸውን «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉ፣ በመነሻ ፊደላቱ የኦኬ ክበብ አቋቋሙ። ፕሬዚዳንቱ ተሸነፉ፤ ቃሉ ግን ጸንቶ ቀረ።

እኛ ዘንድ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ አይደለም። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ብቻ «አዎ» ማለት የሚችል ሕዝብ የቃል እጥረት አለበት አይባልም። ሆኖም በምልከታ እንደተረጋገጠው፣ ስልክ ላይ «ኦኬ» ማለት «ዝጋው» ማለት ነው፤ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ በቃ» ሲሆን ሒሳብ እያለቀ ነው። «ምግቡ እንዴት ነው?» ሲባል «ኦኬ ነው» ያለ እንግዳ ሁለተኛ ጉርሻ አይፈልግም። «ኦኬ ነኝ» ያለ ሰው ደህና አይደለም። ሚስት «ኦኬ» ብላ ከጻፈችና አራት ነጥብ ካስከተለች ግን ጉዳዩ ከሥነ ልሳን ወጥቶ ወደ ሽማግሌዎች ያልፋል።

ከሰዋስው አንጻር ቃሉ ገና እንግዳ ነው። ከ«እሺ» «እሺታ» ይወጣል፤ «ኦኬታ» ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ተብሎ የእሺ ዋጋ ከጥንት ተተምኗል፤ የኦኬ ምንዛሪ አልወጣም።

ይህንኑ በሙከራ ለመፈተሽ አጋጣሚ ተገኝቶ ነበር። እናቴ ደውላ «የታመመችውን አክስትህን ሄደህ ጠይቃት» አለችኝ።

«ኦኬ» አልኳት።

«ኦኬህን ተወውና እሺ በለኝ!»

«እሺ፣ እማዬ።»

ደስ ብሏት መርቃኝ ዘጋች። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ አክስቴ ራሷ ተሽሏት እኔን ልትጠይቅ እየመጣች ነው።