«ቁርስ በላህ ወይ?» ላልሽኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጎንደር
ከልጅሽ፣ ከሊዝበን

እማዬ፣ እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከዚህ ከተማ ዳገት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ስደውልልሽ ገና «ሃሎ» ሳልል «ቁርስ በላህ ወይ?» ትይኛለሽ። «በላሁ» ስል «ምን?» ትያለሽ። ልክ እዚያ ላይ መስመሩ ይቋረጣል። እውነቱን ልንገርሽ፤ የሚቆርጠው ኔትዎርኩ ሳይሆን እኔ ነኝ። የበላሁት ነገር በስልክ የሚነገር አይደለማ! ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ሚጣ ታንብብልሽ። ሚጣ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ዝለዪ ያልኩሽን ብቻ ዝለዪ፤ ከራስሽም አትጨምሪ።

በስሙ ልጀምር። እኛ ቁርስ ስንል ዳቦ ተቆረሰ ማለታችን ነው። እነዚህ «ፔኬኑ አልሞሱ» ይሉታል፤ «ትንሿ ምሳ» እንደማለት ነው። ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ልባቸው ምሳ ላይ ነው። አብሮኝ ሳህን የሚያጥብ አንጎላዊ ደግሞ በአገሩ «ማታቢሹ» እንደሚባል ነገረኝ፤ ሲፈታ «ትል ገዳይ» ማለት ነው። ድሮ በማለዳ በባዶ ሆድ የምትጎነጭ አረቄ ነበረች፤ ስሟን ለቁርስ አውርሳ ቀረች። ይህን ስሰማ ኮሶ የጠጡ ቀን ከጓሮ የማይመለሱት ጎረቤታችን ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ለካ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቁርስ እየበሉ ኖሯል።

ቁርስ የሚበላበት ቤት «ፓሽተላሪያ» ይባላል። እንደ ፒያሳችን ኬክ ቤት ያለ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ቅያስ በዞርሽ ቁጥር አንድ ታገኛለሽ። ሰዉ ታዲያ ባንኮኒው ሥር ቆሞ ነው የሚበላው። ልጅ ሆኜ ቆሜ ቆሎ ስቆረጥም «ተቀመጥ፣ ወደ እግርህ ይወርዳል» ትይኝ አልነበር? ይኸውልሽ፣ እዚህ የስንቱ ቁርስ እግሩ ውስጥ ተጠራቅሟል። ሰባት ኮረብታ ላይ የተሠራ ከተማ ነው፤ ዳገቱን የሚወጡትም በእግራቸው በከረመው ዳቦ ጉልበት ሳይሆን አይቀርም። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን ተጫምተው፣ እየቸኮሉ በሉ ይል የለ መጽሐፉ? እነሱ ግን አንድ ሌሊት ነው፤ እነዚህ በየጧቱ ከግብፅ ይወጣሉ። መቀመጥም ይቻላል፤ በብዙ ቤት ግን ስትቀመጪ ዋጋው ይጨምራል፤ ደጅ ፀሐይ ላይ ስትቀመጪ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ በሒሳብ የሚመጣበት አገር ገብቻለሁ።

ቡናቸው «ቢካ» ይባላል። ሲኒው የኛን ሲኒ ሲያይ «እትዬ» ብሎ የሚነሣለት ነው። ፉት አንዴ፣ ሳንቲም ባንኮኒው ላይ፣ «ቦን ዲያ!» ብሎ ውልቅ። ጭሱ የለ፣ ቄጠማው የለ፣ ቶናና በረካ የለ። ሰው ሳይታማ የተጠጣ ቡና ይቆጠራል ትያለሽ? የሚጠጡት አንዱ ቡና የብራዚል ነው። ብራዚል ዘሩን ያስገቡት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ በ1727፣ ከፈረንሳይ ጉያና አምጥተው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ።) «መነሻው እኮ ከኛ ነው» ብዬ ለባንኮኒው ሰውዬ ነገርኩት። በአክብሮት ሰማኝ፤ ሒሳቡን ግን አልቀነሰልኝም።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። የሳምንት ዕረፍቴ ረቡዕ ነው፤ ቁርስ ፍለጋ ተዝናንቼ የምወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። ረቡዕ! «ረቡዕ ለት ደግሞ ምን ቁርስ አለ?» ስትይ ከዚህ ይሰማኛል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንዳለብኝ አልረሳሁም፤ እቆያለሁም። የምቆየው ግን በነሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የነሱ ዘጠኝ ሰዓት የኛ ጧት ሦስት ሰዓት ነው። በሰው አገር በሰው ሰዓት ካልተጾመ በየት ሰዓት ይጾማል? የንስሐ አባታችንን ጠይቂልኝ፤ «አንድ የማውቀው ልጅ» ብለሽ ጀምሪላቸው።

የጾም ነገር ማግኘቱ ነው መከራው። «ቶራዳ» የሚሉት የተጠበሰ ወፍራም ዳቦ ቅቤ ጠጥቶ፣ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ይመጣል። «ጋላው» በረጅም ብርጭቆ የሚቀርብ ወተት ነው፤ ቡናው የገባበት ለስሙ ያህል ነው። ዋናዋ ደግሞ «ፓሽቴል ደ ናታ» የምትባል መዳፍ የማትሞላ ክብ ኬክ ነች፤ ልብሷ ቅቤ፣ ሆዷ አስኳልና ወተት፣ ፊቷ ጠቆር ጠቆር ብሎ የተለበለበ። ጾም የሚያስፈታውን ሁሉ ሰብስበው በአንዲት ጉርሻ አስቀመጡት።

መሀል ከተማ፣ ካሞይንሽ የሚባለው ባለቅኔያቸው ሐውልት ከቆመበት አደባባይ አጠገብ፣ ይህችኑ ኬክ የሚጋግር ቤት አለ። ስሙ «ማንተይጋሪያ» ነው፤ «ቅቤ ቤት» ማለት ነው። በረቡዕ ምድር ቅቤ ቤት ደጃፍ ምን ገተረህ በዪኝ። ቆሜ ሳሸት ደወል ተደወለ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ቆቤን አውልቄ አማተብኩ። ለካ ደወሉ ትኩስ ኬክ ከምድጃ ወጣ ማለት ኖሯል። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ባልቴት እኔን አይተው አማተቡ። ኬኩን ሲበሉ ግን አልተከተልኳቸውም፤ ይህን ጻፊልኝ።

ከዚያ ጥቂት ራመድ ስትዪ ከ1905 ጀምሮ ያለ «አ ብራዚሌይራ» የሚባል ቡና ቤት አለ። ደጁ ላይ ፌርናንዶ ፔሶዋ የሚባለው ባለቅኔ በነሐስ ተሠርቶ፣ ባርኔጣውን እንደደፋ፣ እግሩን አጣምሮ ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሰው ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል፤ እሱ ምንም አይቀምስም። በከተማው ውስጥ ረቡዕን የሚጾም አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ሚጣ አሳይታሻለች መሰለኝ፤ «ይኼ ጥቁር ሰውዬ ማነው?» ያልሽው እሱን ነው።

(ሚጣ፣ ይህን ቅንፍ ዝለዪው። በመጀመሪያው ሳምንት ቋንቋው ሳይገባኝ የአንዱን ሰውዬ ሳህን ጠቁሜ «እንደሱ» አልኩ። አይብ የቀለጠበት ትኩስ ዳቦ መጣልኝ። ሁለቴ ከገመጥኩ በኋላ ከአይቡ ሥር ቀላ ያለች ስስ ነገር አየሁ። የአሳማ ሥጋ! ሁለተኛውን ጉርሻ ተፋሁት፤ የመጀመሪያው ግን አልፎ ነበር። ቆሜ ስለነበር ወደ እግሬ ነው የወረደው ብዬ እጽናናለሁ።)

ባለፈው ረቡዕ ደግሞ በትራም ተሳፍሬ ወንዙን ይዤ ቤሌም ወረድኩ። ቤሌም በኛ ቤተ ልሔም ማለት ነው። እዚያ ከ1837 ጀምሮ ይህችን ኬክ የሚጋግር ቤት አለ። ሰልፉ መንገድ ላይ ተርፏል፤ ግድግዳው ሰማያዊ ሥዕል ባለው ሸክላ ተለብጧል። አሠራሩ ከጎኑ ካለው ከዠሮኒሞስ ገዳም የወጣ ነው ይላሉ። ገዳማቱ በ1834 በመንግሥት ሲዘጉ ሙያው ወደ ገበያ ወጣ። ሊጡና መሙያው የሚዘጋጀው በዝግ ክፍል ነው፤ ምስጢሩን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። እማዬ፣ ዲያቆን ሳይሆን ማን ቤተ ልሔም ገብቶ ኅብስት ሲጋገር ያያል? ስሙም ሥርዓቱም አንድ ሆነብኝና ደንግጬ ቆምኩ። ልዩነቱ ቅቤው ላይ ነው።

መነኮሳቱ ኬክ ውስጥ ምን አገባቸው ብትዪ፣ ልብስ በእንቁላል ነጭ ይተኮስ ነበር ይባላል፤ የተረፈው አስኳል በስኳር ተመታ። የገዳም ጣፋጮቻቸው ስም ራሱ ንስሐ ያስገባል፤ አንዱ «የመነኩሲት ሆድ»፣ አንዱ «የሰማይ ጮማ» ይባላል። የዋልድባ አባቶች እህል ሳይቀምሱ፣ ቋርፍ በልተው እንደሚኖሩ ላንዱ አስተናጋጅ ብነግረው «ታመው ነው?» አለኝ።

ሳልበላ ወደ ገዳሙ ገባሁ። መግቢያው ላይ ቫስኮ ዳ ጋማ በድንጋይ ተቀርጾ፣ እጆቹን ለጸሎት ገጥሞ ተኝቷል። ልጁን ታውቂዋለሽ፤ በ1541 አራት መቶ ጠመንጃ ያዥ ይዞ በምጽዋ የገባልን ክርስቶፎር ዳ ጋማ ነው። በዓመቱ ግራኝ ማርኮ ገደለው። የተረፉት ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ሆነው በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተዋጉ። አባትየው የልጁን መቃብር አላየ፤ ቀድሞ ሞቷል። ብቻዬን ስለነበርኩ ድንጋዩን «የልጅህን ነፍስ ይማር» አልኩት፣ በአማርኛ። ያንጊዜ እንኳን ሆዴ ጮኸ፤ ገዳሙ ውስጥ አስተጋባ።

ቀጥሎ የመጡት ናቸው ነገሩን ያበላሹት። አፎንሱ ሜንዴስ የሚባሉት ፓትርያርክ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ መጥተው ሥርዓቱን በሮም ልክ እንቁረጠው ሲሉ፣ ከተጣሉባቸው ነገሮች አንዱ ረቡዕ ነበር፤ እሱን ትታችሁ ቅዳሜን ጹሙ ነው ነገሩ። በኋላ «ረቡዕ የፈለገ ረቡዕ ይጹም» ብለው ቢያለሳልሱም ወጥ ከተቃጠለ በኋላ ውኃ መጨመር ሆነ። በ1632 ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለቀቁ፤ አፄ ፋሲል እነ ሜንዴስን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። የሥራ አለቃዬ ታዲያ «ግንባችሁን የሠራነው እኛ ነን» አይለኝም? አባረናችሁ ስናበቃ እንዴት አድርጋችሁ? በ1648 ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ ግንበኛው ሕንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል አልኩት። ያን ቀን ድስት ሁሉ የታጠበው በእኔ ነው።

አንድ ውለታ ግን አልክድም። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው፤ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያዳረሱት እነሱ ናቸው። አንቺ ግቢ የምታሰጪው ዛላ ሁሉ የዘር ሐረጉ ቢቆጠር በነሱ መርከብ ሳይመጣ አይቀርም። ይህን ሁሉ በርበሬ ለዓለም አድለው የራሳቸውን ቁርስ ስኳር ብቻ አደረጉት።

በመጨረሻ ረቡዕን የማውልበትን አገኘሁ። «ፓፑ ሴኩ» የሚባል ቅርፊቱ ጠንካራ ዳቦ አለ፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነው። መሀሉን ሰንጥቀው «ማርሜላዳ» የሚሉትን ከፍሬ በስኳር የተሠራ ጠጣር ነገር ያገቡበታል። ከቢካ ጋር ጾም ነው። የሠፈሬ ባለ ባንኮኒ አሁን ገና ከበር ሲያየኝ «ቅቤ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም» እያለ ይዘፍንልኛል። የዓሣ ክሮኬት ሊያበላኝም ሞክሮ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ጎርጎራ ትቼው መጣሁ ብል እዚህ ቀድሞኝ ደርሷል። ደግነቱ ውስጡ እንቁላል ስላለው ሳልከራከር ተገላገልኩ።

ግን እማዬ፣ ሆድ በማርሜላዳ ይሸነገላል እንጂ አይጠግብም። ደባርቅ አያቴ ዘንድ ክረምቱን ስከርም፣ በዚያ ብርድ፣ የገብስ በሶ በጨው በጥብጣ ድቁስ ጣል አድርጋ ስትሰጠኝ እስከ ማታ እረኝነት እውል ነበር። በሶ እኮ ለዚህ አገር የተፈጠረ ነው፤ የጾም ነው፣ እሳት አይፈልግም፣ ቆመሽም ይበላል። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ ሁለት ኪሎ በሶ፣ ሽሮ፣ ትንሽ ድቁስ ላኪልኝ። ድቁሱን ሁለት ላስቲክ ውስጥ አድርጊው፤ ባለፈው ፈንድቶ ሸሚዜ ሁሉ እስካሁን ያስነጥሰኛል። ለባለ ባንኮኒውም አቀምሰዋለሁ፤ የአያቶቹን በርበሬ ይወቀው።

ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ የተሳልኩትን ጧፍ አትርሺ።

ናፋቂ ልጅሽ

ለሚጣ ብቻ፦ ቅንፉን እንደዘለልሽው አምናለሁ። አንብበሽላት ከሆነ ግን ለጥምቀት ስመጣ ፋሲል መዋኛ ውስጥ አስቀድሜ የምነክረው እግሬን ነው ብለሽ ንገሪያት።