«ታዲያ በቲቪ መቼ ትመጣለህ?»

ኮሙኒኬሽን ተመረቅኩ ያለ ልጅ ሁሉ ከዘመድ የሚቀርብለት ጥያቄ ይሄ ነው። ጋሼ፣ ሕግ የተማረ ሁሉ ችሎት ላይ ይሰየማል? ሕክምና የተማረ ሁሉ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል? ታዲያ ይሄ ልጅ ምን በደልዎትና ስቱዲዮ ውስጥ ይቆልፉበታል?

«ሌላ ምን ሥራ አለውና?» አሉ እትዬ? ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ሄደው የመለስዎትን ወረቀት ያስታውሱታል? መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ይላል፣ በቃ። መቼ ይመለሳል? የትኛው ቅርንጫፍ እየሠራ ነው? የዛሬው ወረፋ ለነገ ያገለግላል? ዝም። ልጅ ያዘለች እናት ከማለዳ ጀምሮ ቆማ ትጠብቃለች። ከቴክኒክ ክፍሉ ሰዓቱን አጣርቶ፣ ለሦስቱ ጥያቄ በሦስት መስመር መልስ የሚለጥፍ ሰው ነው የጠፋው። ይሄ ደግሞ ሥራ ነው፣ ያውም ደህና ደመወዝ የሚገባው።

«እኛማ ሕዝብ ግንኙነት አለን» ይላል ሥራ አስኪያጁ። አለዎት፤ ካሜራ አሸክመው ከኋላዎ ያስከትሉታል! አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ እንዲኖራቸው ያዘዘው የዜጋውን የመረጃ ጥያቄ ተቀብሎ እንዲያስተናግድ ነው። ባነር ስቀል የሚል አንቀጽ የለበትም። ልጁ «አሳሰቡ፣ አስገነዘቡ» እያለ ሲጽፍ ከሚውል፣ የባለጉዳዩን እሮሮ ለቅሞ ጠረጴዛዎ ላይ ቢያስቀምጥልዎ መሥሪያ ቤትዎ በተረፈ ነበር።

«ወሬ ለማውራት አራት ዓመት?» ላልከው ወንድሜ፦ መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የት ነበርክ? ትከሻ ለትከሻ ገጭቶ፣ ጉንጭ ስሞ ሰላም የሚባባልን ሕዝብ «ራቅ በል» ማለት ቀላል መሰለህ? ቧንቧ በሌለበት መንደር «እጅህን ታጠብ» ሲባል በምን ውኃ እንደሆነ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። በኮሮናው የስልክ መስመር በ8335 የደወለ የተጨነቀ ሰው የሚያረጋጋና የማይዋሽ ቃል ይፈልግ ነበር። ያንን ቃል መርጦ፣ አንድ በአንድ ፈትኖ ማዘጋጀት ወሬ አይደለም፤ ነፍስ ማዳን ነው።

ለአንተም ለተማሪው አንድ ቃል አለኝ። ዲግሪው ብቻውን አያዘልቅም፤ ከአንድ ሙያ ጋር አጋባው። ጤና፣ ግብርና፣ ኢንሹራንስ፣ የወደድከውን። ገበሬው አረቦን ከፍሎ ዓመቱ መልካም ሲሆን «ገንዘቤስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያጭበረብር የሚያስረዳው ሰው ኩባንያው አጥብቆ ይፈልጋል። በአማርኛህ ላይ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ጨምርበት። የምልክት ቋንቋ ከቻልክማ ማን ይደርስብሃል! የማስታወቂያ ድርጅቱም፣ የጥሪ ማዕከሉም፣ የእርዳታ ድርጅቱም በር አለው፤ ምረቃህን ሳትጠብቅ የሠራኸውን ይዘህ አንኳኳ።

«ዘመድ ከሌለው ማን ይቀጥረዋል?» አሉ? ይሄኛውስ ያማል፣ እውነትም አለበት። ስለዚህ ነገሬ ለቀጣሪው ነው፦ የአጎት ልጅ ስም የሰፈረበትን ቁራጭ ወረቀት ወዲያ ይበሉትና ለተወዳዳሪዎቹ ያንን የ«ሲስተም የለም» ማስታወቂያ ይስጧቸው። እነሱ እንደገና ይጻፉት። ከዚያ በር ላይ ላለው ጥበቃ ያስነብቡት፤ እሱ አንብቦ ለባለጉዳዩ ማስረዳት የቻለውን ጽሑፍ የጻፈውን ይቅጠሩ።