ኤሊዋ በራች

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጎረቤታችን የ2013 ኒሳን ሊፍ አለው። መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 80 ኪሎዋት ነበር፤ ለአስቤዛና ለቤተ ክርስቲያን ይተርፋል። ጋሼ ግን አልበቃውም። ከተጋጨ አዲስ ሊፍ የተፈታ ባለ 110 ሞተርና ኢንቨርተር ገዝቶ ሦስት ቅዳሜ ከመኪናው ሥር ተጋድሞ ገጠመው። በአራተኛው ቅዳሜ እጁን እየጠረገ ብቅ አለና «መቶ አሥር!» አለን። ልጁ ሐኪም ሆኖ የተመረቀለት አባት እንኳ እንዲህ አይልም።

እሑድ ለምርቃት ብሎ ከኋላ አስቀመጠኝ። ጥር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሃይዌይ መግቢያው ዳገት ላይ ነዳጁን ረገጠው (ነዳጅ የለውም፣ ግን ምን ብለን እንጥራው?)። መኪናዋ አንዴ ተፈናጠረችና ከመሪው ፊት አንዲት ትንሽ ኤሊ በራች። «ጉልበት ቀንሻለሁ» ማለቷ ነው። የጭነት መኪና እየጮኸብን አለፈ። ስንደርስ ጸበል ጻዲቅ እየታደለ ነበር።

ከሰዓት ቤት ስንመለስ ኮፈኑ ተከፈተ። የሰፈሩ ወንዶች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ግማሹ ኡበር ስለሚነዳ ሁሉም መካኒክ ነው። አንዱ «ካንዴላውን እየው» አለ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም የሚል አልተገኘም፣ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሌላው «ዘይቱ ወፍሮ ነው» አለ። እኔም ቡና ይዤ ወርጄ «ዓይን ነው» አልኩ፤ ከሁላችንም ለእውነት የቀረብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በመጨረሻ የፎቁ ልጅ አንዲት ትንሽ ዕቃ ከመሪው ሥር ሰክቶ ስልኩን አሳየን። 96 ጭረቶች ተደርድረዋል፤ በተከታታይ የተያያዙት የባትሪው ሴሎች ናቸው። ጋሼ ሲረግጥ ዘጠና አምስቱ ትንሽ ዝቅ አሉ፣ አንዷ ግን ወለል ነካች። ሞተሩ የሚበላው የቀረበለትን ነው፤ ጓዳው ባትሪው ነው፤ ጓዳው ደግሞ አሥር ዓመት አልፎታል፣ በርዶታልም። ኮምፒዩተሩ የሚያየው ደካማዋን ነው፤ እሷ እንዳትሞት የሁሉንም ይቀንሳል። ልክ እንደ ዕቁባችን፦ አንዱ ካልከፈለ ዕጣ የለም።

ጋሼ በጥሞና አዳመጠ። «ገባኝ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «ኢንቨርተሩን እንደገና ብቀይረውስ?»

እኔስ ምን አፍ አለኝ? አምና ምጣዴ እንጀራው መሀል ላይ ጥፍት እያለ ሲያስቸግረኝ «ደከመ» ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሱም ጠፋ። ለካ የኩሽናው መስመር 15 አምፔር ነው፤ በ120 ቮልት ቢባዛ 1,800 ዋት፣ ምጣዱ ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። እኔ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ እግሬን የማሞቅበት ሂተር ሰክቻለሁ። ብሬከሩ ያለበትን ሳጥን የከፈትኩት ሁለተኛውን ምጣድ ከከፈልኩ በኋላ ነው። አሮጌው አሁንም አልጋ ሥር አለ፤ ምንም አልሆነም።

ጋሼ አሁን ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ እያፈላለገ ነው። ከተጋጨ ሊፍ የተፈታ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩት። እስከዚያው በቀኝ መስመር ነው የሚነዳው፤ ባለ 110 ነው፣ እንዳትንቁት።