አንተ ታውቃለህ

ሽማግሌው የእንስሳት ሐኪም ጓንቱን አወለቀ፣ ቦቢን ጆሮው ሥር አከክ አከክ አደረገውና «ዘጠኝ ዓመቱ ነው አልክ? ማኮላሸት ይቻላል። ተወው ካልክም እንተወዋለን። አንተ ታውቃለህ» አለኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ስለ ውሻው ማሰቡን ትቼ ይህችን አነጋገር ሳላምጥ ከርሜያለሁ።

«አንተ ታውቃለህ» ማለት «አታውቅም» ማለት መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሚስት «አንተ ታውቃለህ» ካለች ነገሩ ተወስኖ አልቋል፤ ባል አልሰማም እንጂ። አባት ካለ፣ ነገሩ የተበላሸ ዕለት የሚያወጣትን «ብዬህ ነበር» ከወዲሁ ኪሱ እየከተተ ነው። ደላላ ካለ ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሐኪም አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እኔ እኮ ካርድ አውጥቼ፣ ተራ ጠብቄ፣ ከፍዬ የገባሁት እሱ እንዲያውቅልኝ ነበር።

ቦቢ የአራዳ ውሻ ነው፤ በሰፈርም በጠባይም። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ፣ የየልኳንዳ ቤቱን መክፈቻ ሰዓት ከባለቤቶቹ በላይ የሚያውቅ፣ ሁዳዴ ሲገባና ሥጋ ቤት ሲዘጋ ሃምሳ አምስቱን ቀን ከእኛ ጋር በሽሮ ፍትፍት የሚያልፍ ጨዋ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ ከመስመሩ ወዲህ ተረፍን፤ የእሱ ዓለም ወዲያ ማዶ ቀረ። ሰዎቹ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። ከውሾቹ ብዙዎቹ አልተጫኑም። አሁን ቦቢ ማታ ማታ በአጥራችን ቆርቆሮ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣና ንጋት ላይ ጆሮው ተቀዶ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ይመለሳል። መንገዱ ላይ የተተከሉትን አዳዲስ የኮሪደር መብራቶች አንድም ሳያስቀር ይፈርምባቸዋል። ፊርማው ግን ሰሞኑን እያጠረች ነው። ይቆማል፣ ያምጣል፣ ጠብ ትላለች። ሐኪም ቤት የወሰደንም ይኸው ነው።

ያልተኮላሸ ወንድ ውሻ ሲያረጅ ፕሮስቴቱ ያብጣል፤ በዚህ ከእኛ ሽማግሎች አይለይም። ሲኮላሽ ግን በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል። የፍሬው ካንሰርም አያሰጋም፤ የሌለ ነገር አይታመምም። በሌላ በኩል የሽማግሌ ማደንዘዣ ጣጣ አለው፤ ጉበትና ኩላሊቱ በደም ምርመራ አስቀድሞ መታየት አለበት። «መዞሩንስ ይተዋል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሊቀንስ ይችላል። ግን ዘጠኝ ዓመት የለመደውን ሁሉ ቢላ አይቆርጠውም» አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰውዬ ነው እንግዲህ አንተ ታውቃለህ የሚለኝ።

«ለመሆኑ የተኮላሸ ውሻ ምን ተብሎ ይጠራል?» አልኩት ከመውጣቴ በፊት። አሰበና «የተኮላሸ ውሻ» አለ።

እንቅልፍ የነሳኝ ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። አማርኛ እኮ በዚህ ጉዳይ ንፉግ አይደለም። በግና ፍየል ተኮላሽቶ ሲሰባ ሙክት ነው። በሬው ሰንጋ ነው። ሰንጋ ተራ የሚባል ሰፈር አለን፤ ፎቁም ኮንዶሚኒየሙም ቆሞበታል፤ በአድራሻዬ አፈርኩ ያለ ነዋሪ አልሰማሁም። እንዲያውም ስድብ የሆነው ያልተኮላሸው ፍየል ነው፦ ወጠጤ። ሰውም ቢሆን፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ የምናገኘው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል ጃንደረባ ነው፤ የምንጠራውም በኩራት ነው። ስም ያጣው ውሻ ብቻ ነው። ምክንያቱን እያሰብኩ አንድ ሌሊት ካነጋሁ በኋላ የደረስኩበት እንዲህ ነው፦ ቋንቋችን ለድስት ወይም ለቤተ መንግሥት የሚሆነውን ብቻ መዝግቦ ሌላውን ትቶታል።

መሣሪያውስ ቢሆን መች ጠፋ? ድሮ በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቀጥ ነበር፤ ማውራቱ ራሱ ጉልበት ያላላል። ከዚያ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቡርዲዞ የሚባል ጣልያናዊ የእንስሳት ሐኪም ቆዳውን ሳይቆርጥ፣ ደም ሳያፈስ፣ ውስጥ ያለውን ገመድ ብቻ የሚጨፈልቅ ባለ ረጅም እጀታ ጉጠት ፈለሰፈ። ዛሬም በስሙ ቡርዲዞ ይባላል። ፒያሳ ላይ ተቀምጠን ጣልያን ትቶልን የሄደውን ቃል ስንቆጥር ፒያሳ፣ ማኪያቶ፣ ፉርኖ፣ ካምቢዮ እንላለን፤ ቡርዲዞን የሚያነሳ ወንድ አላጋጠመኝም። ለውሻ ግን አይሆንም፤ የበሬና የበግ ነው። ውሻ በቀዶ ጥገና ነው።

በግ ካልን፣ በግ የውሻን ዕዳ ሲከፍል የኖረ እንስሳ ነው። በልጅነቴ ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ተወስጃለሁ። የዚያን ጊዜው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ በየቀኑ ሆድ ላይ እየተወጋ አሥራ አራት ቀን። እናቴ አንጠልጥላ ስትወስደኝ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየተከተለ ይቆጥርልኝ ነበር። ነካሹ ውሻ በሰላም ሄደ፤ እኔ በሆዴ፣ በጉ በአንጎሉ ከፈልን። ቦቢን ልናሳድገው ስንወስደው ታዲያ «አንተ ራስህ ውሻ ታሳድጋለህ?» ያልተባልኩበት ቀን አልነበረም።

ወሬው ማኪያቶ ወደምጠጣበት ቤት ቀድሞኝ ደረሰ። «ተፈጥሮውን ልትነፍገው?» አለኝ አንዱ። «በስተርጅና ወንድነቱን?» አለ ሌላው፣ እግሩን እያጣጠፈ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ኮታቸውን አስተካከሉና «ግፍ ነው ልጄ። አንተ ታውቃለህ» አሉ።

ደሜ ፈላ። እነዚህ ሰዎች ለቦቢ ድንጋይ አንስተውለት እንጂ ፍርፋሪ ጥለውለት አያውቁም። አምና ክረምት የሰፈሩ ሴት ውሻ ሰባት ወለደች። ዓይናቸውን ያልገለጡትን ቡችሎች ማዳበሪያ ውስጥ ቋጥሮ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር የጣላቸው ሰው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል፤ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ኬክ እየበላ ነበር። ያኔ ስለ ተፈጥሮ ያነሳ አልነበረም። እሷ ዓመት ሙሉ አንዴ አርግዛ አንዴ አጥብታ፣ ጡቷ መሬት እየነካ ቆሻሻ ገንዳ ስትበረብር ግፍ ነው ያለ የለም። ከሰባቱ ሦስቱ የቦቢ ጆሮ ነበራቸው። አይቻቸዋለሁ። ወንድነት ሲነካ ሁሉም ጠበቃ ይሆናል፤ ልጆቹ ሲመጡ ማዳበሪያ ይፈለጋል። ይህን በልቤ ያልኩት መስሎኝ ነበር። አስተናጋጇ ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ስታነሳው ነው ጮክ ብዬ መናገሬ የገባኝ። ሒሳቡን ጋሼ ከፈሉልኝ፤ ይህም አናደደኝ።

እኔስ ብሆን፣ እነዚያን ሦስቱን ካየሁ በኋላ ምን አደረግኩ? ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ምን አስጨነቀህ? ዕድሜ ራሱ ያኮላሸዋል» አለችና አባቴን በጎን አየችው። አባቴ ዜናውን ድምፁን ጨመረ። ባለቤቴ ቀጠሮ ይዛለታለች፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እንዳይበላ ተብሏል። ማክሰኞ ነው። ባለፈውም ማክሰኞ ነበር፤ ዘነበ ብለን ቀረን።

ትናንት ቢያንስ ቀዳዳውን ልድፈን ብዬ ምስማርና መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ። ተንበርክኬ በቀዳዳው አጮለቅኩ። ድሮ በዚያ በኩል የሚታየው የጎረቤት ማድቤት ግድግዳ ነበር። አሁን ምንም የሚጋርድ የለም፤ ዓይን ሳይደናቀፍ እስከ ዓድዋ ድል መታሰቢያ ይሄዳል፤ መብራቱ በርቷል፣ ሰው በአዲሱ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዳቦ ቤቱ የት ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቦቢ መጥቶ ከአጠገቤ ተኛ፤ አፍንጫውን በቆርቆሮው ሥር አውጥቶ ማሽተት ጀመረ። እሱ ሳያገኘው አይቀርም።

መዶሻውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላወቅኩም።