ገጥሞ የሚሄድ ሞልቷል፤ የሚመለስ ማን አለ?

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ያስገጠመ ሰው ስታገኙ የሚያወራችሁ ስለ ሌባ አይደለም፤ ስለ ገጣሚው ነው። ቅድሚያ ክፍያውን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ስለማያነሳው፣ «ነገ ጠዋት እዛ ነኝ» ብሎ ሳምንት ስለሚጠፋው፣ ግድግዳውን በስቶ ቀዳዳውን ሳይደፍን ስለሄደው። ባለ ሱቁም፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴውም፣ ልጆቻቸው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ገንዘብ ልከውላቸው ግቢያቸው ላይ ያስገጠሙ አባትም እሮሯቸው አንድ ነው። ሌባን ፈርተን ካሜራ ፈለግን፤ አሁን ደግሞ ገጣሚን መፍራት ተጨመረብን።

ድካሙ የሚጀምረው ከመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ነው። ማስታወቂያ ሞልቷል። በየመብራት ምሰሶው፣ በቴሌግራሙ፣ በቲክቶኩ «4 ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው፣ ገጠማን ጨምሮ» የሚል ዋጋ አይጠፋም። ደውላችሁ ጉዳያችሁን ማስረዳት ስትጀምሩ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ካሜራ ነው የምትፈልጉት?» ስንት እንደሚያስፈልገኝ እኔ በምን አውቃለሁ? ባለሙያ የጠራሁት ለዚህ አይደል? ምን እንደሚያሰጋችሁ የሚጠይቅ የለም። የምትፈሩት በአጥር የሚዘለውን ነው? ከቆመ መኪና ላይ ስፖኪዮ የሚፈታውን ነው? የውሃ ቆጣሪ ነቅሎ የሚሄደውን ነው? ወይስ ከሱቁ መሳቢያ የሚጎድለውን ገንዘብ? እነዚህ አራቱ የተለያየ ካሜራ፣ የተለያየ ቦታና ከፍታ ይፈልጋሉ። ግቢውን በቀን አይቶ፣ ማታም ተመልሶ የበሩ መብራት ከየት እንደሚመታ የሚያጣራ ድርጅት ካገኛችሁ አትልቀቁት። አብዛኛው ግን ቦታውን ሳይረግጥ በስልክ ዋጋ ይናገራል።

ከዚያ ፕሮፎርማው ይመጣል። ከመሥሪያ ቤት የወረስነው ልማድ ነውና በየማኅበራችን ሦስት ፕሮፎርማ እንሰበስባለን። ሦስቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን የሚነጻጸር ነገር የለም። አንዱ «2 ሜጋፒክስል» ይላል፣ ሁለተኛው «5 ሜጋፒክስል» ይላል፣ ሦስተኛው «ፉል ኤችዲ ኦሪጅናል» ብሎ ያልፋል። ኬብሉ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይባላል፤ ሜትሩም ዓይነቱም አይጻፍም። ሀርድ ዲስኩ ስንት ቴራባይት እንደሆነ ይዘለላል። የሞዴል ቁጥር ስለማይሰፍር ያሳዩን ዕቃና የሚገጥሙልን ዕቃ አንድ ስለመሆኑ የምናረጋግጥበት የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ በቃል፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ይባላል። ያለ ደረሰኝ የገዛ ሰው ዕቃው ሲበላሽ ምን ይዞ ሊጠይቅ ነው?

ዋጋው ራሱ አይጨበጥም። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ ነጋዴው «ዋጋው የሚጸናው ለሦስት ቀን ነው» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በሦስት ቀን መወሰን አለመቻሉ ነው። ስብሰባ ተጠርቶ፣ ያልመጣው ተለምኖ፣ ተከራይና አከራይ «እሱ ይክፈል» ሲባባሉ ወር ያልፋል፤ ወር ሲያልፍ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በመጨረሻ ሁሉም ሰው ስለሚደክመው ትንሹ ዋጋ ተመርጦ ይጸድቃል። ትንሹን ዋጋ ያቀረበው ድርጅት ከምኑ ላይ እንደቀነሰ የሚጠይቅ ግን የለም።

የሚቀነስበትን ቦታ ደጋግሜ ስላየሁት ልናገር። መጀመሪያ ሌንሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰቀልልን 2.8 ሚሊሜትር የሚባለው ሰፊ ሌንስ ነው። ግቢው በሙሉ ስክሪኑ ላይ ስለሚወጣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ገጣሚውም በአንድ ካሜራ ይገላገላል። ነገር ግን አይኢሲ 62676-4 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት የ2014 እ.ኤ.አ. እትም መሠረት የማይታወቅን ሰው በፊቱ ለመለየት በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በአግድም ያለው 2560 ፒክስል ነው። ሰፊው ሌንስ 10 ሜትር ርቀት ላይ 26 ሜትር ገደማ ስፋት ስለሚያሳይ ለአንዱ ሜትር የሚደርሰው 100 ፒክስል እንኳ አይሞላም። ሰው መግባቱን ታያላችሁ፤ ማን እንደሆነ አታውቁም። ፊቱ የሚለየው እስከ 4 ሜትር አካባቢ ሲጠጋ ብቻ ነው። በሩ ላይ ጠባብ ሌንስ ያለው፣ ዝቅ ብሎ ፊት የሚይዝ ሌላ ካሜራ ያስፈልግ ነበር፤ የሚነግረን ግን አላገኘንም። የመኪና ሰሌዳም እንዲሁ ነው። ማታ የፊት መብራቱ በቀጥታ ሲመታው ተራው ካሜራ የሚያሳየው ነጭ ብርሃን እንጂ ቁጥር አይደለም።

ቀጥሎ ሀርድ ዲስኩ ነው። «የወር ቅጂ ይይዛል» ይሉናል። ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሞላል። 8 ካሜራ ከሆነ በቀን 173 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ስድስት ቀን ሳይሞላው ይጠግብና አሮጌውን እየደመሰሰ አዲሱን ይቀዳል። የወር ቅጂ እንዲኖር ከ5 ቴራባይት በላይ ያስፈልጋል። ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ በአሥረኛው ቀን የተመለሰ ሰው፣ ቤቱ የተሰረቀው በሄደበት ሌሊት ከሆነ የሚያየው ነገር የለም። ቀን ከሌት ለመቅዳት ያልተሠራ ተራ የኮምፒውተር ዲስክ የሚያስገቡም አሉ። መቅጃው ተከፍቶ ካልታየ በቀር ባለቤቱ በምን ያውቃል?

ኬብሉና ማያያዣው ደግሞ ከነጭራሹ ከዓይን የተሰወሩ ናቸው። መዳብ መስሎ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያው ላይ በርካሽ ይገኛል። በአጭር ርቀት ይሠራል፤ ሲረዝም ግን ኃይሉ መንገድ ላይ ያልቃል። ቀን ደህና የነበረው ካሜራ ሲመሽ ይጠፋል፤ የኢንፍራሬድ መብራቱ በርቶ ብዙ ኃይል የሚፈልገው ያኔ ነውና። ማያያዣው ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ መግባት ሲገባው በናስትሮ ተጠቅልሎ ዝናብ ላይ ይተዋል፤ ክረምት ሲገባ ምስሉ ይደበዝዝና ይጠፋል። መብራት በሄደ ቁጥርም መቅጃው ይቆማል። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ዩፒኤስ ያልተጻፈበት ፕሮፎርማ ማቅረብ ምን ይባላል? ሌባው የሚጠብቀው ያንኑ ጨለማ አይደለም ወይ?

ሰዓቱን እንኳ የሚያስተካክል ጠፋ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከቻይና ሲመጡ የቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶባቸው ነው፤ የእኛን በአምስት ሰዓት ይቀድማል። ይህን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካልተስተካከለ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት የተፈጸመ ስርቆት ቅጂው ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ፣ ቀኑም ተቀይሮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ቅጂ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ሰው ስርቆቱን ከማስረዳቱ በፊት ሰዓቱን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተከሳሹ ጠበቃ ካቆመ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው ይህችኑ ነው።

እኛ ሰፈር አንድ ብሎክ ላይ ቆጣሪ ተሰርቆ ቅጂው ሲፈለግ ዲስኩ ከተበላሸ ወራት አልፎት ነበር። ካሜራዎቹ ስክሪኑ ላይ እየታዩ ነው፤ የሚቀዳ ነገር ግን የለም። መሣሪያው ዲስክ ሲበላሽ ድምፅ አሰምቶ ወይም ስልክ ላይ መልእክት ልኮ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ እየተቻለ ማንም አላስተካከለውም። ድርጅቱ ሲጠየቅ «ዋስትናው አልፏል» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ነዋሪው ካሜራ አለ ብሎ የሌሊት ጥበቃውን ቀንሶ ነበር፤ ስለዚህ ያጣው ቆጣሪውን ብቻ አይደለም። የማይሠራ ካሜራ ከካሜራ አልባነት የሚብሰው ሰውን ስለሚያዘናጋ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የፓስወርዱ ጉዳይ ነው። ገጣሚው ሲስተሙን በራሱ ስልክና በራሱ አካውንት ያስመዘግብና ለእኛ ማየት ብቻ ያካፍለናል። የቤታችን ዋና ቁልፍ እሱ ጋ ይቀራል። ድርጅቱን ሲለቅ ይዞት ይሄዳል። ሌላ ቴክኒሻን ስንጠራ «የመጀመሪያው ሰውዬ ካልለቀቀው አይሆንም» እንባላለን። ሳሎናችንን፣ የልጆቻችንን መግቢያና መውጫ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት የማናውቀው ሰው በስልኩ ይዞት ይዞራል። ይህ ያለ ምክንያት የመጣ ስጋት አይደለም። በአሜሪካ ቴክሳስ የአንድ ስመ ጥር ድርጅት ቴክኒሻን ሲገጥም የራሱን ኢሜይል በደንበኞቹ አካውንት ላይ እያስገባ ወደ 200 በሚጠጉ ቤቶች ከ9,600 ጊዜ በላይ ሲመለከት ኖሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ጥፋቱን አምኗል፤ ከአራት ዓመት በላይ እስራትም ተፈርዶበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሚራይ የተባለው ማልዌር ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ተቆጣጥሮ ትልልቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አውኳል። ይህ ሁሉ ከታወቀ ከዓመታት በኋላ ለደንበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ የሚገመት ፓስወርድ እየሞሉ መሄድ ደንበኛን መናቅ ነው።

ሕግም አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ ለታወቀና ለሕጋዊ ዓላማ እንዲሰበሰብ፣ በጥንቃቄም እንዲያዝ ያዛል። ይሁንና ካሜራው የጎረቤት በር ላይ ሲዞር፣ የፊት ለፊት ቤት መስኮት ውስጥ ሲገባ «ይህን ክፍል እንሸፍነው» የሚል ገጣሚ ብርቅ ነው። መሣሪያው ያንን ቦታ በጥቁር መሸፈን ይችላል። ያለመሸፈኑ ዕዳ ግን በጎረቤታሞች ላይ ይወድቃል፤ ቡና አብረው የሚጠጡ ሰዎች በአንድ ካሜራ ምክንያት ይኮራረፋሉ።

ቴክኒሻኖቹን ሁሉ አልወቅስም። በመሰላል ተንጠላጥለው፣ በፀሐይና በዝናብ፣ በትንሽ ክፍያ የሚለፉ፣ ሙያቸውን የሚያከብሩ ልጆች አሉ። ወቀሳዬ ያላሠለጠኗቸውን ልጆች ልከው ገንዘቡን ተቀብለው በሚሰወሩት ላይ ነው። የአንድ ዓመት ዋስትና ይጽፋሉ፤ ዋስትናው ዕቃውን ይሁን ሥራውን አይናገርም፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመጡም አይገልጽም። ስንደውል «ሳይት ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» ይባላል፤ መልሶ የሚደውል ግን የለም።

ይህን ሁሉ ሌንስ፣ ይህን ሁሉ ፒክስልና ቴራባይት ማወቅ የእኛ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ለዚህ ነው ገንዘብ የምንከፍለው። ካልሆነ ግን ቢያንስ ፕሮፎርማው ላይ እንዲህ ይጻፍልን። የእያንዳንዱ ካሜራ ሞዴል፣ ሌንሱና የሚሰቀልበት ቦታ። ቅጂው የሚቆይበት ቀንና የዲስኩ መጠን። የኬብሉ ዓይነትና ሜትር። ዩፒኤሱ ለስንት ሰዓት እንደሚያቆይ። ዋናው ፓስወርድና አካውንት በባለቤቱ ስም ተመዝግቦ በፊርማ እንደሚረከብ። ብልሽት ሲነገራቸው በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመጡ። የመጨረሻው ክፍያም የሚለቀቀው ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ አንድ ሰው በበሩ ገብቶ ፊቱ ቅጂው ላይ ከተለየ በኋላ ይሁን።

እኛም በየስብሰባችን ይህን የጻፈውን እንምረጥ፤ ዋጋው ከትንሹ ቢበልጥም። ይህን ለመጻፍ የማይደፍር ድርጅት ነገ ለመመለስም አያስብምና ቅድሚያ ክፍያችንን አንስጠው።