ወገቤን ነው ያልኩት

የትውልድ አገሬ የቀየት ሰው ብርድም ዳገትም አይፈራም ይባላል። እኔ ግን ስለ መቀመጫዬ የሚጠይቀኝን ሐኪም ፈርቼ ወራት ፈጀሁ። ሽንት ቤት ደም ሳይ «ኪንታሮት ነው» ብዬ ራሴ ፈረድኩ። ፌጦ የማያሽረው በሽታ የለም እየተባለ ያደግሁ ነኝና ፌጦዬን በሎሚ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ሆዴን አነደደው፣ ደሙ ግን ከቁብ አልቆጠረውም። ለጎረቤቶቼ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ሳስተምር የምውል ሰው የራሴ ነገር ሲመጣ አፌ ተያዘ።

እንዲህ ያለው ሰው እኔ ብቻ አለመሆኔ አያጸድቀኝም። በአገራችን ብዙ የታችኛው አንጀት ካንሰር ሕመምተኞች በኪንታሮት ስም ከመድኃኒት አዋቂ ወደ መድኃኒት አዋቂ ሲዞሩ ቆይተው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

በመጨረሻ ተመረመርኩ። (ሐኪሙ ጓንት ሲያጠልቅ ያልኩትን አላወራም።) ናሙናው ካንሰር ሆነ፣ ኤምአርአይ ታዘዘ። ሐኪሙ ዕጢው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለማወቅ ይጨነቃል፤ እኔ የምጠይቀው ስንት ብር እንደሆነ ነው።

የመሣሪያው መግነጢስ 1.5 ቴስላ ከሆነ ጉልበቱ ከምድር መግነጢስ 30 ሺህ እጥፍ ገደማ ነውና ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው። «ማተቤን አልበጥስም!» ብዬ ፎከርኩ። ለሰማዕትነት ተዘጋጅቼ ነበር። ባለሙያዋ ግን «መስቀሉን ብቻ ያውልቁት፣ ክሩ ይቆይ» አለችኝ። ገብቼም አርፌ አልተኛሁም፤ ምስሉ እየደበዘዘባት ደግማ አነሳችኝ።

ምስሉ የሚነግረው ብዙ ነው። ዕጢው የአንጀቱን ጡንቻ አልፎ ስንት ሚሊሜትር ወጥቷል? ውጪ ወዳሉት ደም መላሾች ገብቷል? አንጀቱን ከነስቡ ከሸፈነው ስስ ሽፋንስ ምን ያህል ይርቃል? እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ በ1982 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ ሳይቀደድ አንጀቱን ከነስቡ ማውጣት በሽታው እንዳያገረሽ እንደሚረዳ ካሳየ ወዲህ፣ ያ ሽፋን ትልቅ ቦታ አለው። ርቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ካልበለጠ አብዛኛውን ጊዜ ከቢላው በፊት ጨረርና ኬሞ ይቀድማሉ። ሌላው የኤምአርአይ ምስል የውሃን እንቅስቃሴ ያያል፤ ሴሎቹ እንደ ገበያ ሰው በተጨናነቁበት ውሃው መላወሻ ያጣና ቦታው ደምቆ ይወጣል። በጣም ሲታፈን ዕጢው ኃይለኛ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ብቻውን ግን አይፈርድም፣ የናሙናው ውጤትም አብሮ ይመዘናል።

የኔው ከሽፋኑ የራቀ፣ ደም መላሾቹንም ያልነካ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ወራት ስሰጠው ዕጢው ከኔ የተሻለ ጨዋ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ለቀዶ ሕክምና ተቀጠርኩ።

ለዘመድ ግን «ወገቤን ነው» አልኩ። ወገብ የተከበረ ሕመም ነው፤ የሠራ፣ የተሸከመ ሰው ሕመም። ከመጽሐፍ የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም። ከአገር ቤት ቅቤ ተላከልኝ፤ ጠያቂ ሲመጣ አነክሳለሁ፣ የትኛውን እግሬን እንደነበር እየረሳሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አክስቴ ከቀየት ድረስ መጥታ ጋቢዬን ልታስተካክል ስትገልጠው ሆዴ ላይ ያለውን ፋሻ አየች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ወገቤን ነው አላልከንም? ሐኪሞቹ በጀርባ በኩል መንገድ አጥተው ነው?»